አዲሱ መኪና ዘይት በላ? ከመጮህህ በፊት ለካ

ቤት አስይዘህ፣ ዘመድ አስቸግረህ፣ አዲስ ከባድ መኪና ታወጣለህ። በሁለተኛው ምልልስ ሾፌርህ ከሚሌ ይደውላል። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ዘይት ይበላል።» ያን ቀን እንቅልፍ የለም።

እኔ ላይ ደርሷል። በአንድ የጅቡቲ ምልልስ 6 ሊትር የሞተር ዘይት ጨመርን አሉኝ። ደሜ ፈላ። ያስመጣው ድርጅት ጋ ሄጄ ልጮህ ስል አንድ የቆየ መካኒክ «ቆይ፣ ማነው የሚለካው?» አለኝ። የሚለካው ረዳቱ ነው። ጠዋት ጠዋት፣ መኪናው ባደረበት ዘቅዛቃ መሬት ላይ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ይመዛል፤ ጎደለ ብሎ ይጨምራል። ማታም ሞተሩ እንደጠፋ ወዲያው ይመዛል፤ ዘይቱ ገና ከላይ አልወረደም፣ አሁንም ጎደለ ብሎ ይጨምራል። ሜዳ ላይ አቁመን ስናየው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ቁጭ ብሏል። ትርፉን የሞተሩ ዘንግ እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ በመተንፈሻው ይወጣል፣ ጎደለ ይባላል፣ ደግሞ ይጨመራል።

ስለዚህ መጀመሪያ አለካኩን አስተካክል። ሜዳ ቦታ ምረጥና ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ለካ። ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ዘይቱ ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ስር ወዳለው የዘይት ቋት፣ እስኪወርድ 15 ደቂቃ ያህል ጠብቅ። የአንዳንዱ ሞተር መጽሐፍ ጠዋት በቀዝቃዛው ለካ ይላል፤ እንግዲያው እንደሱ አድርግ፣ ዋናው ነገር አንዴ በሙቅ አንዴ በብርድ አለመቀላቀል ነው። መለኪያውን አውጣ፣ በጨርቅ ጥረግ፣ መልሰህ እስከ መጨረሻው ክተት፣ ከዚያ አንብብ። ስትጨምር ደግሞ ከጄሪካን ዝም ብለህ አታንቆርቁር። ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ ለዚሁ ለይተህ ያዝና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፍ፦ ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ የተቀዳ ናፍታ፣ የተጨመረ ዘይት። ዘይቱ በመለኪያው ሁለት ምልክቶች መካከል ካለ አትንካው። እስከ ጫፍ መሙላት ግዴታ አይደለም።

ዘይቱ በሰው ተበልቶም ሊሆን ይችላል። ይሄን ጮክ ብሎ የሚናገረው የለም እንጂ ሁላችንም እናውቀዋለን። ደብተሩ ለዚህም ይጠቅማል።

አሁን ሂሳቡ። ጤነኛ ሞተርም ዘይት ይበላል፤ የሚለያየው መጠኑ ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ስስ የዘይት ሽፋን አለ፣ ከሱ ጥቂቱ ከናፍታው ጋር ይቃጠላል። ብዙ አምራቾች ልኩን የሚያስቀምጡት ከናፍታው አንጻር ነው። ለከባድ ናፍታ ሞተር እስከ 0.5 በመቶ የሚል ጣሪያ የተለመደ ነው፤ በደንብ የተላመደ ሞተር ግን ከ0.1 እስከ 0.2 በመቶ አካባቢ ቢሄድ አይገርምም። ያንተን ቁጥር ከመጽሐፉ እይ። ከአዲስ አበባ በጋላፊ ድንበር በኩል ጅቡቲ ደርሶ መልስ ወደ 1,800 ኪሎ ሜትር ነው። ተሳቢ ያለው መኪና ባዶውን ወርዶ ጭኖ ሲመለስ በ100 ኪሎ ሜትር በአማካይ 45 ሊትር ቢጠጣ 810 ሊትር ናፍታ መሆኑ ነው። የዚህ 0.1 በመቶ አንድ ሊትር አይሞላም። 0.5 በመቶው 4 ሊትር ነው። እና ሙሉውን ምልልስ ቁጠር። መውረጃውን ብቻ ወይም መውጫውን ብቻ ከለካህ የሚያሳስት ቁጥር ታገኛለህ፤ ባዶ ቁልቁለት መውረድና 40 ቶን ይዞ ሽቅብ መግፋት ለሞተር አንድ አይደለም።

አዲስ ሞተር በመጀመሪያዎቹ ሺህ ኪሎ ሜትሮች ትንሽ ቢያበዛ አትደንግጥ። የፒስተኑ ቀለበት፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት፣ ከግድግዳው ጋር ገና አልተላመደም። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ሆን ተብሎ በደቃቅ በተጠላለፉ ጭረቶች ተፍቋል። ጭረቶቹ ዘይት ይይዛሉ፣ ፋሻውንም ቀስ በቀስ እየሞረዱ ልክ ያስገቡታል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ፋሻው ግድግዳውን የሚጫነው በራሱ ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ናፍታው ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከጀርባው ገብቶ ይገፋዋል። ጭነት ከሌለ ግፊት የለም። ግፊት ከሌለ ፋሻው አይላመድም፤ ጭረቶቹ ሳይሠሩ ግድግዳው እንደ መስታወት ይለሰልስና ዘይቱ በፋሻው በኩል ማለፉን ይቀጥላል። አንዴ ከለሰለሰ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ሞተር መክፈት ነው።

ድሮ ኤንትሬ የሚባለውን የፊያት ከባድ መኪና የነዱ አባቶች «አዲስ ነው፣ አታስጨንቀው፣ ቀስ በል» ይሉሃል። ግማሹ እውነት ነው። በሮዳጅ፣ ማለትም አዲሱ ሞተር በሚላመድበት ጊዜ፣ ሞተሩን እስከ ጥግ አታስጩኸው፣ በትልቅ ማርሽ ዳገት ላይ እያንገጫገጭክም አታስጨንቀው። ግን ባዶውን አታንሸራሽረው። ጫንበት፣ ሽቅብ አውጣው፣ ፍጥነቱን እያቀያየርክ ንዳ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰክተህ 300 ኪሎ ሜትር አትሂድ። ከሁሉ በላይ ቆሞ አይሥራ። ጋላፊ ተራ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት ኤሲ ለማግኘት ብሎ፣ ሦስት አራት ሰዓት ሚኒሞ ላይ፣ ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ እየሠራ፣ የሚቆም አዲስ መኪና ስንት አይቻለሁ። ሾፌሩን አልወቅስም፣ እኔም ነድቻለሁና እዚያ ጋቢና ውስጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ግን ለአዲስ ሞተር ይሄ መርዝ ነው። ጥላ ፈልጎ ሞተሩን ያጥፋ። ዳገት ጨርሶ ሲቆም ብቻ ቱርቦው፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው፣ እንዲበርድ ሦስት አምስት ደቂቃ ይሥራ።

በትክክል ለክተህ፣ ጭነህ ነድተህ፣ አሁንም ከበዛ የት እንደሚሄድ ፈልግ። ሲያድር ከስሩ ካርቶን አንጥፍ። ጠዋት ጠብታ ካለ ከየት እንደወደቀ ታያለህ፤ መኪናው እየሄደ ብቻ የሚያፈስ ግን አለና ሞተሩን አጥበህ አንድ ቀን ንዳውና እርጥብ አቧራ የት እንደተለጠፈ እይ። ቀጥሎ የፍሬኑን አየር ታንክ ማስተንፈሻ ሳብ። ውሃ ቢወጣ ያለ ነው። ጥቁር ዘይት እፍ ብሎ ከወጣ ግን ለፍሬኑ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰር የሞተሩን ዘይት ወደ አየር መስመር እየላከ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንት ጤነኛ ሞተር በከንቱ ተከፍቷል። የራዲያተሩንም ውሃ እይ፣ ላዩ ላይ ቅባት ካለ የዘይት ማቀዝቀዣው ይጠርጠር።

ከዚያ ጭሱ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ነው። ጠዋት ሲነሳ ብቻ ታይቶ የሚጠፋ ከሆነ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) በኩል ዘይት የሚያግዱትን የቫልቭ ጎሚኒዎች ወይም ቱርቦውን ጠርጥር። ጭኖ ሲጎትት የሚበዛ ከሆነ ወደ ፋሻው ያደላል። ጥቁር ጭስ ሌላ ጉዳይ ነው፣ አየር ሲያንስ ወይም ናፍታ ሲበዛ የሚመጣ ነው፤ አየሩ በሚሳሳበት ከፍታ ላይ ጥቂት መታየቱ ዘይት ከመብላት ጋር አይገናኝም።

አንድ ነገር ደግሞ በእጅህ አረጋግጥ፣ ለሰው አትተወው። ከአየር ፊልትሮው ወደ ቱርቦው የሚሄደውን ቱቦ ፍታና ጣትህን ውስጡ አሽከርክር። ንጹሕ መሆን አለበት። ጣትህ ላይ ዱቄት ከመጣ፣ በሁለት ጣት ስታሸው አሸዋው ከተሰማህ፣ የአፋር አቧራ በላላ ማሰሪያ ወይም በተቀደደ ጎማ በኩል ሞተርህ ውስጥ እየገባ ነው። አቧራ ፋሻና ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። አዲስ ሞተር በጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትር እንዳረጀ የሚሆነው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ዋስትናውም ይሄን አይሸፍንልህም።

ዘይቱ ከመለኪያው በላይ እየጨመረ ከመጣስ? ከመጉደሉ የባሰ ነው። ናፍታ ወይም ውሃ ገብቶበታልና አትንዳው።

ወፍራም ዘይት ቀይረህ ወይም ከገበያ ማወፈሪያ ጨምረህ ችግሩን አትሸፍን። መጽሐፉ የዘይቱን ውፍረት 15ደብሊው-40 ካለ እሱን፣ ያዘዘውን ደረጃ አይተህ፣ ከምታምነው ቦታ ግዛ። ያስመጣው ድርጅት ጋ ስትሄድም «ዘይት ይበላል» ብለህ አትግባ። የሦስት ምልልስ ደብተርህን ዘርጋና በሚዛን ይለካልኝ በል፦ ዘይቱ ተመዝኖ ይገባል፣ ማፍሰሻውና መሙያው ይታሸጋል፣ መኪናው ጭኖ የተስማማችሁበትን ያህል ይሄዳል፣ ከዚያ በተመሳሳይ ሙቀት ለተመሳሳይ ደቂቃ ተንጠባጥቦ ወጥቶ እንደገና ይመዘናል። ክርክር የለውም።

የእኔው መኪና፣ ረዳቱ ሜዳ ላይ መለካት ከጀመረ ወዲህ፣ በምልልስ አንድ ሊትር ተኩል ነው የሚወስደው። ሃይላንዷ አሁንም ከመቀመጫው ኋላ አለች፣ ማንም ውሃ መስሎት እንዳይጠጣ በቀይ ፕላስተር ተጠቅልላ።