የድሬዳዋ ጓሮና የውሃ ነገር፦ አዲስ ቤት ገብታችሁ ፏፏቴ ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ላይ አዲስ ቤት የገባ ሰው ዕቃውን ፈትቶ ሳይጨርስ ስለ ጥላና ስለ ነፋስ ማሰብ ይጀምራል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔን እዚህ ያሳለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ጓሮ ውስጥ ውሃ ቢንፏፏ፣ በረንዳው ቀዝቀዝ ቢል፣ የከሰዓቱ በርጫ ቢደምቅ ብሎ መመኘት ቅንጦት አይባልም። ደግሞም ምኞት ብቻ አይደለም። ደረቅ አየር ውስጥ ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ልዩነቱ ይሰማዋል።

ችግሩ ቪዲዮ ላይ አይተን የምንቀዳቸው ፏፏቴዎች ሌላ አገር የተሠሩ መሆናቸው ነው። እዚያ ውሃ በፈረቃ አይመጣም። መብራት እንዲህ አይጠፋም። ወባም የለም። ድሬ ላይ የሚያዋጣው ውሃ ትንሽ፣ የሚንቀሳቀስና የተከደነ ነው። ከታች የምጽፋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱን ከመርሳት የሚመጡ ናቸው።

1. ዕቃ ሳይፈታ አካፋ ማንሳት

ጓሮ ቶሎ አይታወቅም። ጠዋት ጥላ የነበረው ጥግ ከሰዓት እሳት ይሆናል። ነፋሱ በየት እንደሚገባ፣ ጎርፉ በየት እንደሚወጣ ኖሮበት ያየ ሰው ነው የሚያውቀው። ድሬ ላይ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቅ ይላል፤ በልጉ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ ክረምቱ ከሐምሌ እስከ መስከረም። ቢያንስ አንዱን ዝናብ እዚያው ቤት ሆናችሁ ሳታዩ ጉድጓድ አትቆፍሩ።

ጎርፍ ለዚህ ከተማ ተረት አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ፈጅቷል። ውሃው ከላይ ከተራራው ነው የሚመጣው፤ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይልም ሊደርስ ይችላል። የእናንተ ግቢ ከአሸዋማው ወንዝ ርቆ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ገንዳውን የግቢው ዝቅተኛ ጥግ ላይ ከሠራችሁት የመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ይሞላዋል። ጠርዙን ከመሬት 10 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። የመጸዳጃ ቤቱ ጉድጓድና የውሃ መስመሩ የት እንዳለም ከቀድሞው ባለቤት ወይም ከጎረቤት ጠይቁ። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» በሚል ከተማ ጎረቤት ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም። የግቢውን ታሪክ ከነሐሜቱ ይነግሯችኋል።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትቆፍሩ። ይዛችሁት የምትሄዱት ትልቅ ማሰሮና ትንሽ ፓምፕ ይበቃል።

2. ውሃ አስቁሞ ማየት

ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው፤ ረዘም አድርጌ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ድሬዳዋ በትንኝ ብዙ ተፈትናለች። በ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ ዴንጊ ገባ። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ ተነሥቶ ስንቱን መገጣጠሚያው ይዞት አስነከሰው። ሁለቱንም የምታስተላልፈው ኤደስ የተባለችው ቀን ቀን የምትናከስ ትንኝ ናት። ማታ አጎበር ውስጥ መግባት ከእሷ አያድንም። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ጊዜ፣ ተነሣ። ሰው ግራ ገባው። ተመራማሪዎች ሲያጠኑት ከእስያ የመጣች አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባል የወባ ትንኝ እጇ እንዳለበት አረጋገጡ። ይቺ ትንኝ ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው ቀብሪ ደሃር ነው፣ በ2009 ዓ.ም.። ከለመድናት የወባ ትንኝ የምትለየው ረግረግና ኩሬ ሳትጠብቅ ከተማ ውስጥ መራባቷ ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ ለግንባታ ውሃ የተጠራቀመበት ጉድጓድ ይበቃታል። ያልተከደነ የጓሮ ገንዳማ ሠርግና ምላሽ ነው።

ሙቀት ላይ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ስለዚህ «በወር አንዴ አጸዳዋለሁ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም።

«የእኔ ውሃ ይንቀሳቀሳል እኮ» የሚል ሰው አለ። እውነቱን ነው፤ ትንኝ የሚናወጥ ውሃ ላይ እንቁላል መጣል አትወድም። ግን መብራት ሲጠፋስ? ማታ ለድምፁ ብላችሁ ስታጠፉትስ? አብዛኞቹ የወባ ትንኞች እንቁላል የሚጥሉት ማታ ነው። ደግሞም ፏፏቴው ሲፈስ እንኳ ጥግ ጥጉ ላይ ያለው ውሃ ጸጥ ያለ ነው። እጭ የምታገኙትም እዚያ ነው።

እኔ ብጠየቅ፣ ድሬ ላይ ክፍት ኩሬ አትሥሩ እላለሁ። ውሃው መሬት ውስጥ ይቀበር። አንድ የፕላስቲክ በርሜል ወይም ገንዳ ቅበሩ፤ ፓምፑ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። አፉ ላይ ጠንካራ የብረት ፍርግርግ፣ ከእሱ በላይ ትንኝ የማያሳልፍ ጥቅጥቅ ያለ የመስኮት ወንፊት፣ ከዚያ የወንዝ ጠጠር። ውሃው ከእንስራ ወይም ከተበሳ ድንጋይ አናት ላይ ይፍሰስና በጠጠሩ መሃል ተመልሶ ይስረግ። የሚታየው የሚፈሰው ውሃ ብቻ ነው፤ የቆመ ውሃ አይታይም። ወንፊቱን ግን እንዳትዘሉት። ጠጠር ብቻውን ትንኝ አይከለክልም፤ በክፍተቱ ሾልካ ትገባለች። ያኔ እጩ ተደብቆ ስለሚያድግ ከክፍት ገንዳ የባሰ ይሆናል። እንስራው ሸክላ ስለሆነ ውሃ ያዣል፤ ውስጡን ውሃ በማያሳልፍ ቅብ መቀባትም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ኤደስ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው። እንቁላሉ ደርቆ ወራት ይቆያል፤ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። ውሃውን ደፍቶ እንደገና መሙላት ስለዚህ በቂ አይደለም፤ ግድግዳውን በብሩሽ መፈግፈግ የግድ ነው። የአበባ መትከያ ሥር የምታስቀምጡት ሳህንም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

3. ትልቅ ሲሆን ያምራል ማለት

አንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት አንድ ሊትር ነው። ሦስት ካሬ ሜትር ገንዳ አለኝ እንበል፤ በሞቃት ቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢተን 18 ሊትር ሄደ። አንድ ቢጫ ጀሪካን ሊሞላ ምንም አልቀረው። በወር 27 ጀሪካን መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ለገንዳ መስጠት ከሚስትም ከጎረቤትም ያጣላል። ሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ሐረር እንዴት እንደተጠማች የሚያስታውስ ሰው ይሄን ስሌት ቀልድ አይለውም። ሐረር እኮ ውሃ የምትስበው ከእኛው ከድሬ በኩል ነው።

ሌላም ነገር አለ። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ካልሲየም የበዛበት ነው። የሻይ ጀበናችሁን ውስጥ እዩት፤ ያ ነጩ ቅርፊት ፓምፑም ላይ፣ ድንጋዩም ላይ ይጋገራል። ውሃው ሲተን ማዕድኑ አብሮት አይተንም። በላዩ እየጨመራችሁ ስትሄዱ ክምችቱ ይወፍራል። ስለዚህ በየጊዜው ጥቂቱን አውጥታችሁ ለዛፍ አጠጡና በአዲስ ተኩት። ፓምፑን አልፎ አልፎ ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ እጠቡ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ከቻላችሁ ከሁሉ ይሻላል፤ ማዕድን የለበትም። በርሜሉ ግን መከደን አለበት፤ አለበለዚያ ወደ ሁለተኛው ስህተት ተመለስን ማለት ነው።

4. ፓምፕ በዋጋው ብቻ መግዛት

ካርቶኑ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አንዱ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚገፋ ይናገራል። ሌላው ቢበዛ ስንት ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚያደርስ። ብዙ ሰው ያላስተዋለው፣ ፓምፑ ያ የመጨረሻ ከፍታ ላይ ሲደርስ የሚያወጣው ውሃ ዜሮ መሆኑን ነው። ሁለት ሜትር የሚል ፓምፕ ሁለት ሜትር ላይ አንዲት ጠብታ አይሰጥም። ውሃው የሚወጣበትን ቁመት ለኩና ከእሱ ሰፋ ያለ ትርፍ ያለው ግዙ።

ወርድ ያለው መጋረጃ የሚመስል ፏፏቴ የምትፈልጉ ከሆነ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ወርድ በሰዓት ከ100 እስከ 150 ሊትር አስቡ። 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለሆነው ከ3,000 እስከ 4,500 ሊትር ነው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጥና ወደ እንስራው ይመለሳል። ጥሩ ምርጫ ነው።

ፓምፑ ሲጠፋ ቱቦውና ድንጋዩ ላይ ያለው ውሃ በሙሉ ወደ ታች ይወርዳል። በርሜሉ አፉ ድረስ ከተሞላ ጓሮው ይጥለቀለቃል። ሲነሣ ደግሞ ውሃውን ወደ ላይ ይወስደዋል፤ በርሜሉ ትንሽ ከሆነ ፓምፑ በደረቁ ይዞርና ይቃጠላል። ስለዚህ ከሚታየው ውሃ ይልቅ የተቀበረው መብዛት አለበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ማካፈያውን ነቅላችሁ ትንሽ ጠብቁ።

የሶላር ፓምፕ ለድሬ ይስማማል። ፀሐይ አልጠፋችም፤ ፓምፑም የሚሠራው ቅዝቃዜው በሚፈለግበት ሰዓት ነው። ኤሌክትሪክን በተመለከተ ከዚያ በላይ ጥቅም አለው፦ አይገድልም። 220 ቮልት ያለው ሽቦ በውሃ አጠገብ ዘርግቶ በፕላስተር ማሰር በነፍስ መጫወት ነው። ግድ ከሆነ ባለሙያ ይሥራው፤ ሽቦው በቱቦ ውስጥ ይቀበር፣ የመሬት ሽቦ ይኑረው፣ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈስ ራሱን የሚያጠፋ ብሬከር ይገጠምለት።

5. ሲሚንቶውን ለፀሐይ መተው

ግንበኛው ጨርሶ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ማታ ሲታይ ያማረ ነው። ከሳምንት በኋላ ፀጉር የሚያህሉ ስንጥቆች ይወጡና ገንዳው ያፈሳል። ጥፋቱ የሲሚንቶው አይደለም። የድሬ ፀሐይ ውሃውን ሳይጠነክር መጠጠችው። ልስኑን ማምሻውን አሠሩ፤ እርጥብ ጆንያ አልብሱት፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡት። የወንዝ አሸዋ ርካሽ ነው፣ ግን ደለል አለበት። እጃችሁ ውስጥ ጨምቃችሁ ስትለቁት መዳፍ ካቆሸሸ ይታጠብ።

ጠርዙን በውሃ ልክ ለኩ። በዓይን አይገመትም። አንድ ጎን በጣት ያህል ካዘነበለ ውሃው በዚያ ብቻ ይፈሳል፤ ሌላው ደረቅ ይሆናል። ይሄን በኋላ ለማረም ማፍረስ ነው መላው።

6. ቦታ ሲመርጡ ዛፍና ልጅን መርሳት

ከዛፍ ሥር ደስ ይላል። ያ ቀይ አበባ ያለው የድሬዳዋ ዛፍ ግን ሥሩ በቅርብ ተዘርግቶ ሲሚንቶ ያነሣል። አበባውም ቅጠሉም ፓምፕ ይደፍናል። ኒሙም ቢሆን ፍሬው ያስቸግራል። ጥላው የሚደርስበት፣ ግንዱ ግን ራቅ ያለበት ቦታ ፈልጉ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚመታው ውሃ ደግሞ ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል።

ዳዴ የሚል ልጅ ያለበት ቤት፣ የጎረቤት ልጅም ይቆጠር፣ ክፍት ውሃ አይኑር። ሕፃን ለመስጠም ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃዋል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም።

7. ዓሣና እምቦጭ

ዓሣ የትንኝ እጭ ይበላል፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚባለውም እንዲሁ። ግን ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ፓምፑ በመብራት መጥፋት ሲቆም፣ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ገንዳ ውስጥ ዓሣው አፉን ወደ ላይ ከፍቶ ይንሳፈፋል። ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ጥላ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ። አዲስ ሲሚንቶ ውስጥም ወዲያው አትጨምሩ፤ ኖራው ይገድለዋል። ሞልታችሁ፣ ደፍታችሁ፣ ደጋግማችሁ እጠቡት።

እምቦጭን ለወይን ጠጅ አበባው ብሎ የሚተክል ሰው አሁንም አለ። አቦ ተዉት! ጣናን ምን እንዳደረገው እናውቃለን። ቄጠማ በማሰሮ ትከሉ፤ ያምራል፣ አይወርስም።

8. ዘግቶ መሄድ

ለበዓል ወይም ለለቅሶ አገር ቤት ስትሄዱ ቤቱን ቆልፋችሁ፣ መብራቱን አጥፍታችሁ ትወጣላችሁ። ፏፏቴው ይቆማል። ውሃው እዚያው ይቀራል። ከሳምንት በላይ የምትቆዩ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት በርሜሉን ባዶ አድርጉ፣ ግድግዳውን ፈግፍጉ፣ ፓምፑን አድርቃችሁ ቤት አስገቡ። ውሃውን ዛፍ ሥር ድፉት። ዓሣ ካለ ግን ቁልፉን ለጎረቤት ስጡ፤ ሲመጣ ወንፊቱ ቀዳዳ እንዳላበጀም አይቶ ይንገራችሁ።