ኩኪ ምንድን ነው? ከስልክ ላይስ እንዴት ይጠፋል?

ደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊ ጋ ጨርቅ ስትሰጡ፣ ቁጥር ያለባት ቁራጭ ወረቀት ይሰጣችኋል። ሰፊው መልካችሁን ቢረሳ እንኳ ወረቀቷን አይቶ ልካችሁን ከደብተሩ ያወጣል። ኩኪም እንደዚያች ወረቀት ነው። ድረ ገጹ ስልካችሁ ላይ ትንሽ ጽሑፍ ያስቀምጣል፤ በተመለሳችሁ ቁጥር ብራውዘሩ (እንደ ክሮም ያለው ድረ ገጽ መክፈቻ አፕ) ያንኑ ያሳየዋል። ዘዴውን በ1994 እ.ኤ.አ. ያመጣው ኔትስኬፕ የተባለው የብራውዘር ድርጅት ባለሙያ ሉ ሞንቱሊ ነው። ኢሜይላችሁ በየጊዜው ፓስወርድ የማይጠይቃችሁ በኩኪ ምክንያት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ የሦስተኛ ወገን ኩኪ ነው። ዜና ልታነቡ ስትገቡ፣ ገጹ ላይ ያለው የማስታወቂያ ድርጅትም የራሱን ወረቀት ያስይዛችኋል። ሌላ ገጽ ላይም ካለ ያችኑ ወረቀት ያነባል። አንዴ ያያችሁት ጫማ በየገጹ የሚከተላችሁ ለዚህ ነው።

1. መጀመሪያ የሦስተኛ ወገኑን ኩኪ ዝጉት። ክሮም ላይ ሦስቷን ነጥብ፣ ሴቲንግስ፣ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ሰርድ ፓርቲ ኩኪስ ገብታችሁ ብሎክ በሉት።

2. ከማጥፋታችሁ በፊት ፓስወርዳችሁን አረጋግጡ። እዚህ ላይ አደራ፣ አትቸኩሉ። እኔ ስልኬ ሲንቀራፈፍብኝ "ኩኪ አጥፋ" ተባልኩና ሙልጭ አድርጌ አጠፋሁ። ስልኩ ያው ነው፤ አንዲት ኩኪ እኮ 4 ኪሎባይት ገደማ ብትሆን ነው። ኢሜይሌ ግን ፓስወርድ ጠየቀኝ። ካስገባሁት ሦስት ዓመት አልፎኛል፣ ከየት ላምጣው? "ኮድ ልከናል" ያለበት ቁጥር ደግሞ ሸዋ ሮቢት ገበያ የጠፋብኝ ሲም ነው። የአባቴ ፎቶዎች እዚያው ቀሩ።

ስለዚህ ኢንኮግኒቶ (ከሦስቷ ነጥብ የሚከፈተውን የብራውዘሩን የግል መስኮት) ክፈቱና በፓስወርዳችሁ ለመግባት ሞክሩ። ኢንኮግኒቶ የቆዩትን ኩኪዎች ስለማያሳይ እውነተኛ ፈተና ነው። አላስገባ ካላችሁ፣ አሁን ከገባችሁበት ሳትወጡ ስልክ ቁጥሩንና ፓስወርዱን አስተካክሉ። ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቤት ብታስቀምጡትም አልቃወምም።

3. አሁን አጥፉ። ሦስቷ ነጥብ፣ ዲሊት ብራውዚንግ ዳታ፣ ኩኪስ ኤንድ ሳይት ዳታ። የተቀመጡ ፓስወርዶች የሚለውን አትንኩ። "ስልክ አጽጂ" የሚሉ አፖችን አታውርዱ፤ ብራውዘሩ ራሱ ይበቃል።

4. ኢንተርኔት ቤት ፎርም የምትሞሉ ከሆነ ከመነሻው በኢንኮግኒቶ ግቡ። ስትጨርሱ ሎግ አውት አድርጉ፤ የኢንኮግኒቶውን መስኮቶች አንድ ሳታስቀሩ ዝጉ። ሒሳብ የምትከፍሉት ከዚያ በኋላ ነው።