ከድሬዳዋ ዋሽንግተን፦ የበረራውን ርቀትና ሰዓት በስልክዎ ያስሉ

በትኬት ላይ ከመድረሻው ሰዓት የመነሻውን ቀንሶ የጉዞውን ርዝመት ማግኘት አይቻልም፤ እያንዳንዱ የተጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው።

በመጀመሪያ ከቦሌ ዋሽንግተን ያለው ርቀት። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ ማስመሪያ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ ምድር ክብ ናትና። ቦሌ በኬክሮስ 8.98፣ በኬንትሮስ 38.80 ላይ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ደግሞ 38.94 እና −77.46 ነው። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ያባዙ። ለብቻው ደግሞ የኬክሮሶቹን ኮሳይኖች ከኬንትሮሶቹ ልዩነት (116.26) ኮሳይን ጋር ያባዙና ሁለቱን ውጤቶች ይደምሩ። የድምሩ ተገላቢጦሽ ኮሳይን 104 ዲግሪ ግድም ይመጣል፤ በ111.2 (የአንዱ ዲግሪ ኪሎ ሜትር) ሲባዛ ወደ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው። ቁጥሩ የማይመስል ከሆነ ማስሊያው ከዲግሪ ይልቅ ራዲያን ላይ ሆኖ ይሆናል። የምዕራቡን የመቀነስ ምልክት የረሳ ሰው ደግሞ ዋሽንግተን ሳይሆን ምዕራብ ቻይና ያርፋል።

ከድሬዳዋ ቦሌ 340 ኪሎ ሜትር ግድም ይጨመርበት፤ ድምሩ 11,900 ይሆናል። ከድሬዳዋ በቀጥታ ቢበረር 11,750 ነበር። እንግዲህ በቦሌ መዞሩ በኪሎ ሜትር ብዙም አይጎዳም፤ ጊዜ የሚበላው ጥበቃው ነው።

ለሰዓቱ፣ ከቦሌ ደለስ ያለውን ርቀት ለ900 (የአውሮፕላኑ ፍጥነት፣ ኪሎ ሜትር በሰዓት) ያካፍሉና ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ፦ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ሲሄዱ ግን ይረዝማል። በከፍታ ላይ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስለሚነፍስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ሲመለሱ ይገፋል። በዚያ ላይ ቦሌ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉም የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ስለሚከብድ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመሙላት ይታረፋል። ደለስ 100 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ መልሱ በቀጥታ ይበረራል።

ትክክለኛውን ሰዓት ከትኬቱ ለማውጣት የመድረሻውን ሰዓት ወደ እኛ ይመልሱ፦ በአሜሪካ የብርድ ወራት 8፣ ከመጋቢት መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ አካባቢ 7 ሰዓት ይጨምሩ። ለምሳሌ ከቦሌ 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ በረራ፣ 08:00 ሲደመር 7 የእኛ 15:00 ነው፤ ጉዞው 16 ሰዓት ተኩል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ቀኑ ላይ ነው። ትኬት «ማክሰኞ 01:30» ካለ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 7:30 ነው። ሰኞ ማታ ቦሌ ይገኙ፤ ማክሰኞ ማታ የመጣ አውሮፕላኑ ካመለጠው ቀን ሊሞላው ነው።

ቦሌ ላይ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ይተዉ። ድሬዳዋ ላይ ሻንጣው የተለጠፈበት ወረቀት አይ ኤ ዲ (IAD፣ የደለስ መለያ) ማለቱን ይዩ። ከሐረር የሚነሳ ለደንገጎ ጠመዝማዛ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝ፤ በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን፣ ታኅሣሥና ሐምሌ 19 አካባቢ፣ እጥፉን።