የባቡር ከተማን ታሪክ ከሐዲዱ ጀምራችሁ ፈልጉ

የአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ባቡር ከተማ አመሠራረት ልትጽፉ ነው? እንግዲያው «ማን ቆረቆራት?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሐውልት የቆመለት ሰው መቼም አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን መልሱ ውሃ ነው። የእንፋሎት ባቡር በየመንገዱ እየቆመ ካልጠጣ አይሄድም፣ የውሃ ታንከሩ ባለበት ጣቢያ ይሠራል፣ ጣቢያው አጠገብ ደግሞ ሱቁና ማደሪያው ይከተላል።

መጀመሪያ ስሟን ጠርጥሩ። ነብራስካ ውስጥ ክሪት፣ ዶርቼስተር፣ ኤክሰተር፣ ፌርሞንት፣ ግራፍተን፣ ሃርቫርድ የሚባሉ ከተሞች በአንድ መስመር ላይ ተደርድረዋል። በእንግሊዝኛ ጻፏቸውና ከሲ ጀምረው በፊደል ተራ ሲሄዱ ታያላችሁ። ስሞቹን በብዛት ያወጣው የባቡር ኩባንያው ነው፤ የመሥራች አያት ብትፈልጉ ትደክማላችሁ።

ቀጥሎ ከተማዋ ያለችበት ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) መዝገብ ቤት ሄዳችሁ የመጀመሪያውን የቦታ ሽንሸና ፕላን ጠይቁ። ቀኑን ሐዲዱ ከደረሰበት ቀን ጋር አስተያዩት። ፕላኑ ከቀደመ፣ ወይ ኩባንያው ራሱ ወይ ባቡሩ በየት እንደሚያልፍ ቀድሞ የሸተተው ነጋዴ ቦታ ሊቸበችብ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

አሁን መንገዶቹን እዩ፤ እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው። ኩባንያ ያሰመራቸው ብዙ ጊዜ ሐዲዱን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ሐዲዱ ሰያፍ ከሆነ ከተማዋም አብራው ትንጋደዳለች። ኋላ የተጨመሩት ሰፈሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ብለው ሰሜንና ደቡብን ይይዛሉ። መንገዱ ድንገት እጥፍ የሚልበት ቦታ የድሮዋ ከተማ ጠርዝ ሊሆን ይችላል።

የሳንቦርን ካርታዎችንም አትለፉ። ለእሳት ኢንሹራንስ የተሠሩ ናቸው፣ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን ኢንተርኔት ላይ በነፃ አስቀምጧል። ሮዝ ቀለም ጡብ ነው፣ ቢጫ እንጨት። የተለያየ ዓመት ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ዘርጉና ዋናው መንገድ ላይ ቢጫው በአንዴ ሮዝ ሆኖ ካገኛችሁት፣ በመሐል ቃጠሎ ነበር ወይ ብላችሁ የዘመኑን ጋዜጣ አገላብጡ። ጋዜጣው ስለ ከተማዋ እድገት የሚለውን ግን ግማሹን ለጉራ ተዉለት፤ ሥራው ገዢ መጥራት ነበር።

መዝገቡ ድንገት ቢቋረጥባችሁ ፋይል ጠፋ ብላችሁ አትደምድሙ። ዋዮሚንግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1868 የበቀለችው ቤንተን የምትባል ከተማ ሦስት ወር ገደማ ነው የቆየችው፤ ሐዲዱ ወደፊት ሲገፋ ሰዉም ድንኳኑን ነቅሎ ተከተለ። ስለዚህ የጠፉባችሁን ነጋዴዎች ስም በዚያው መስመር ቀጥላ በተቆረቆረችው ከተማ መዝገብ ላይ ፈልጉ።