በማይንክራፍት የክሪኤት ሞድን እንዴት መጀመር ይቻላል፦ ከመጀመሪያው ሻፍት እስከ ብራስ

ማይንክራፍት ላይ የኢንጂነሪንግና የኃይል ሞድ (ጌሙ ላይ አዲስ ነገር የሚጨምር ፋይል) መሞከር ከፈለጋችሁ በክሪኤት ጀምሩ። በሌሎቹ ሞዶች ኃይል ማለት ሳጥን ላይ የሚነበብ ቁጥር ነው። ክሪኤት ላይ ግን ኃይሉ የሚዞር ነገር ነው፤ ሻፍቱ (ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ) ሲዞርም ሲቆምም በዓይናችሁ ታያላችሁ። ጀማሪዎች የሚቸገሩት ማሽኖቹን ሠርቶ በማቆም አይደለም፤ ፍጥነትን እና አቅምን አንድ ነገር አድርገው ስለሚያዩ ነው። ሌላውን እያለፍን እዚያ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆያለን።

አጫጫኑ

ክሪኤት የጃቫ ኤዲሽን ሞድ ነው። ስልክ ላይ ያለው ቤድሮክ አያስኬደውም። ለጌሙ ቨርዥን 1.20.1 ፎርጅ፣ ለ1.21.1 ደግሞ ኒዮፎርጅ የሚባለውን ሎደር (ሞዶችን ጌሙ ውስጥ የሚያስገባውን ፕሮግራም) ጫኑ። የሞዱ ፋይል፣ የጌሙ ቨርዥን እና ሎደሩ መግጠም አለባቸው፤ ጌሙ ገና ሲከፈት የሚዘጋባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ስለማይገጥም ነው። 1.20.1 ጃቫ 17፣ 1.21.1 ጃቫ 21 ይፈልጋል። ጌሙን ለመክፈት ፕሪዝም ላውንቸር የሚባለውን ፕሮግራም ብትጠቀሙ ለእያንዳንዱ የሞድ ስብስብ የራሱን ፎልደር ስለሚሰጥ የድሮ ዓለማችሁ አይነካም። በዚያው ሴቲንግ ውስጥ ራሙን ወደ 4 ጊጋባይት ከፍ አድርጉት።

ፋይሎቹን ሞድሪንዝ ወይም ከርስፎርጅ ከሚባሉት የሞድ ድረ ገጾች ብቻ አውርዱ። "ነፃ ሞድ" እያሉ ፋይሉን መልሰው የሚያጋሩ ገጾች ቫይረስ ሊያስከትሉባችሁ ይችላሉ። ከክሪኤት ጋር ጄኢአይ የሚባለውን የአሠራር ማሳያ ሞድ ጨምሩ፤ ዕቃው ላይ ማውሱን አድርጋችሁ አር ስትጫኑ እንዴት እንደሚሠራ፣ ዩ ስትጫኑ ለምን እንደሚያገለግል ያሳያችኋል። ኦፕቲፋይን የሚባለውን የግራፊክስ ሞድ ተዉት፤ ከክሪኤት አሳሳል ጋር ስለማይስማማ ማሽኖቹ ሊጠፉባችሁ ወይም ጌሙ ሊንቀረፈፍ ይችላል።

ሌላው ትልቅ ነገር ፖንደር ነው። የክሪኤት ዕቃ ላይ ማውሱን አድርጋችሁ ደብልዩን ተጭናችሁ ብትይዙ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ማሳያ ይከፈታል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ዩቲዩብ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ቪዲዮዎችም ይሻላል፤ የተጫነው ቨርዥን ራሱ የሚያሳየው ስለሆነ ጊዜው አያልፍበትም።

የመጀመሪያው ዕቃ

ሁሉም ነገር ከአንደሳይት አሎይ (ከአንደሳይት ድንጋይና ከብረት ከሚሠራ ቅይጥ) ይጀምራል። 2 አንደሳይት እና 2 የብረት ነጌት በሰያፍ አቀያይራችሁ ስታስቀምጡ 1 አሎይ ይወጣል። ለ64 አሎይ 128 አንደሳይት እና 15 ያህል የብረት ኢንጎት ማለት ነው። ብዙ ይመስላል፤ ቆይቶ ሚክሰር (ዕቃ የሚቀላቅለው ማሽን) ሲኖራችሁ ወጪው በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አሁን 64 ካገኛችሁ ቁፋሮውን አቁሙ።

2 አሎይ ቀጥ አድርጎ በማስቀመጥ 8 ሻፍት ይገኛል። ሻፍት ላይ 1 ሳንቃ ሲጨመር ኮግዊል (ጥርስ ያለው ማርሽ)፣ 2 ሳንቃ ሲጨመር ላርጅ ኮግዊል ይሆናል። ለአንደሳይት ኬሲንግ (የማሽኖቹ አካል ለሚሆነው ብሎክ) የእንጨት ግንድ በመጥረቢያ ልጣጩን አንሱ፣ መሬት ላይ እንዳለ አሎይ ይዛችሁ በቀኝ ክሊክ ንኩት። ብዙ ሰው ክራፍቲንግ ጠረጴዛ ላይ ሲፈልገው ይውላል፤ እዚያ የለም።

ውሃ

ለመጀመሪያ ኃይል ዋተር ዊል (በውሃ የሚዞር መንኮራኩር) ይበቃል፦ 8 ሳንቃ ዙሪያውን፣ መሃሉ ላይ ሻፍት። ሃንድ ክራንክም አለ፤ በእጅ እያዞራችሁ 32 ዙር በደቂቃ ይሰጣል፣ ግን ስትለቁት ይቆማል፣ ረሃባችሁንም ይበላል። ለሙከራ ካልሆነ አትድከሙበት።

ዊሉን አስቀምጡና ከጎኑ ከፍ ካለ ቦታ በባልዲ ውሃ አፍስሱ፤ ውሃው በአንድ ጎኑ ብቻ ወደ ታች ይውረድ። የቆመ ውሃ አያዞረውም። በሁለቱም ጎን ውሃ ቢወርድ ግፊቶቹ ይጣፋሉ፣ ዊሉም ዝም ይላል። ውሃ ማብዛት ፍጥነት አይጨምርም፤ አንድ ጎን የሚነካ ፍሰት ካለ 8 ዙር በደቂቃ ይሰጣችኋል፣ ከዚያ በላይ የለም።

ፍጥነት እና ጫና

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ክሪኤት ሁለት ቁጥሮችን ይይዛል። አንዱ ፍጥነት ነው፣ በዙር በደቂቃ ይለካል፣ ጣሪያው 256 ነው። ሌላው የጫና አቅም ነው፣ ኤስዩ በሚባል አሃድ ይለካል። ትንሹ ዋተር ዊል በ8 ዙር 256 ኤስዩ ይሰጣል። ላርጅ ዋተር ዊል የሚዞረው በ4 ዙር ቢሆንም 512 ኤስዩ ያመነጫል፤ ቀርፋፋው ይበልጥ ጠንካራ ነው።

ሁለት ዊሎች አንድ ሻፍት ላይ ስታሰሩ ፍጥነቱ 8 ሆኖ ይቀራል፣ አቅሙ ግን 512 ይሆናል። አቅም ይደመራል፣ ፍጥነት አይደመርም። ሁለቱ በአንድ አቅጣጫ መዞራቸውን ተመልከቱ፤ የአንዱ ውሃ በተቃራኒው ጎን ከወረደ መጨረሻ ላይ ያገናኛችሁት ክፍል ተነቅሎ መሬት ላይ ይወድቃል። ያ የጌሙ ስህተት አይደለም፣ አቅጣጫቸው ተጋጭቷል ማለት ነው።

ፍጥነት የሚጨመረው በኮግዊል ነው፣ እንደ ብስክሌት ማርሽ። ላርጅ ኮግዊል ከጎኑ በሰያፍ የተቀመጠን ትንሽ ኮግዊል ሲነዳ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሲሄድ በግማሽ ይቀንሳል። "በሰያፍ" የሚለውን ልብ በሉ፦ ቀጥ ብሎ አጠገቡ ሳይሆን አንድ ብሎክ ወደ ጎን፣ አንድ ብሎክ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች። ትንሽ ከትንሽ ጎን ለጎን ቢገጥሙ ፍጥነቱ ሳይለወጥ አቅጣጫው ብቻ ይገለበጣል። ከ8 ወደ 32 ለመድረስ ሁለት ጊዜ ማጠፍ ያስፈልጋል፦ ላርጅ ኮግዊል፣ በሰያፉ ትንሽ (16)፣ በትንሹ ሻፍት ቀጥሎ ሌላ ላርጅ፣ በሰያፉ ሌላ ትንሽ (32)። በጠቅላላው 2 ትልቅ እና 2 ትንሽ።

አሁን የሚያሳስተው ነገር መጣ። ፍጥነት ስታጥፉ የምንጩ አቅም አይጨምርም፤ ማሽኑ የሚወስደው ጫና ግን በፍጥነቱ ልክ ያድጋል። ሜካኒካል ፕሬስ (ብረት የሚዳምጠው ማሽን) ለእያንዳንዱ ዙር 8 ኤስዩ ይወስዳል፣ ሚክሰር 4፣ ሚልስቶን (ወፍጮው) 4። ሻፍትና ኮግዊል ምንም አይወስዱም። ስለዚህ ያው ፕሬስ በ8 ዙር 64 ኤስዩ፣ በ32 ዙር 256 ኤስዩ ይበላል።

አንድ ትንሽ ዋተር ዊል አላችሁ እንበል። ሚክሰሩ ከ30 ዙር በታች ስለማይሠራ ፍጥነቱን ዊሉ አጠገብ ወደ 32 አሳደጋችሁ፣ ከዚያም ፕሬሱንም ሚክሰሩንም አገናኛችሁ። ፕሬሱ 256፣ ሚክሰሩ 128፣ ድምሩ 384። አቅማችሁ 256 ነው። ሁለተኛው ማሽን በተገናኘበት ቅጽበት ሁሉም ይቆማል፤ ዊሉ ራሱ ሳይቀር። ውሃው እየወረደ ዊሉ ሲቆም ብዙ ሰው ችግሩ ውሃው ነው ብሎ እሱን ሲያስተካክል ይቆያል። ውሃው ምንም አልሆነም። አንዱን ማሽን ስትነቅሉ መልሶ ይነሳል።

መፍትሔው ሁለተኛ ዊል መጨመር ብቻ አይደለም። ፕሬሱ ዝቅተኛ ፍጥነት አይከለከልም፣ ቀስ ይላል እንጂ ይሠራል። ስለዚህ የዊሉን ሻፍት በ8 ዙር በቀጥታ በፕሬሱ ውስጥ አሳልፉትና ማርሾቹን ከፕሬሱ በኋላ፣ ወደ ሚክሰሩ በሚሄደው መስመር ላይ ብቻ አድርጉ። ፕሬስ 64፣ ሚክሰር 128፣ ድምር 192። አንዱ ዊል ሁለቱንም ይሸከማል፣ 64 ኤስዩም ይተርፋል፤ በ8 ዙር የሚሄድ ሚልስቶን (32) ልትጨምሩበት ትችላላችሁ። ፍጥነት የሚፈልገውን ማሽን ብቻ አፍጥኑ።

ፕሬስ ከዚያ ሚክሰር

ቅደም ተከተሉ ግዴታ ነው፣ ሚክሰሩ በፕሬስ የተዳመጠ የብረት ሺት (ስስ ብረት) ይፈልጋልና። ለፕሬሱ ሻፍት፣ አንደሳይት ኬሲንግ እና አንድ ሙሉ የብረት ብሎክ ከላይ ወደ ታች ደርድሩ። ከሥሩ ዲፖ (የሚዳመጠው ዕቃ የሚቀመጥበት መደብ) አስቀምጡ፤ ግን በፕሬሱና በዲፖው መካከል አንድ ባዶ ብሎክ ተዉ። ተጠግተው ከተቀመጡ ፕሬሱ ይዞራል እንጂ አይጫንም። ሚክሰሩም ከቤዚኑ (ዕቃው ከሚቀላቀልበት ገንዳ) በላይ እንዲሁ አንድ ብሎክ ክፍተት ይፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹን የወርቅ ሺቶች ለኢንጂነርስ ጎግልስ (መነጽር) አውሏቸው፦ 1 የወርቅ ሺት፣ 2 መስታወት፣ 1 ክር። ከዚያ በኋላ አጥልቃችሁ ማሽን ወይም ዊል ስትመለከቱ ጫናውንና አቅሙን በቁጥር ታነባላችሁ። ያለ እሱ ከላይ ያለውን ስሌት ሁሉ በግምት ነው የምትሠሩት።

ሚክሰሩ ኃይል የሚቀበለው ከላይ ሳይሆን ከጎኑ ባለው የራሱ ጥርስ ነው፣ ጥርሱም አግድም ተኝቶ ይዞራል። የዋተር ዊሉ ሻፍት ደግሞ አግድም ስለሆነ መስመሩን ወደ ላይ ማዞር አለባችሁ። መደበኛው ጊርቦክስ (የሻፍቱን አቅጣጫ የሚያዞር ሳጥን) በአራቱ አግድም አቅጣጫ ብቻ ነው የሚያወጣው፤ እሱን ክራፍቲንግ ላይ ብቻውን ስታስቀምጡት ወደ ላይና ወደ ታች የሚያወጣው ቨርቲካል ጊርቦክስ ይሆናል። ከእሱ የሚወጣው ቀጥ ያለ ሻፍት ላይ፣ በሚክሰሩ ከፍታ፣ ላርጅ ኮግዊል አድርጋችሁ ሚክሰሩን በሰያፉ ብታቆሙት ሚክሰሩ ራሱ እንደ ትንሹ ኮግ ሆኖ ፍጥነቱን ያጥፋል። አንድ ኮግዊል ተረፋችሁ።

አሁን ቤዚን ውስጥ 1 አንደሳይት እና 1 የብረት ነጌት ጣሉ፤ 1 አሎይ ይወጣል። በእጅ ከሚሠራው በግማሽ ዋጋ ነው።

ብራስ

1 መዳብ እና 1 ዚንክ በጋለ ቤዚን ውስጥ ሲቀላቀሉ 2 ብራስ (ናስ) ይሰጣሉ። ዚንክ ማዕድኑ በብረት ዶማ ይቆፈራል። የሚያግለው ብሌዝ በርነር ነው፦ ባዶውን በርነር ይዛችሁ ወደ ኔዘር (የጌሙ የእሳት ዓለም) ትወርዳላችሁ፣ ብሌዝ የሚባለውን የእሳት ጭራቅ ሳትገድሉ በቀኝ ክሊክ ትይዙታላችሁ። እሳት የሚከላከል ፖሽን ሳትይዙ አትሂዱ። በርነሩን ከቤዚኑ ሥር አድርጋችሁ ከሰል ስጡት።

ውሃው ሲያንሳችሁ

ብራስ ላይ ስትደርሱ ዋተር ዊል መደርደር አሰልቺ ይሆናል። ዊንድሚል ቤሪንግ (በንፋስ ሸራ የሚዞር የኃይል ምንጭ) ሥሩ። ቢያንስ 8 ሴይል (የሸራ ብሎክ) ይፈልጋል፣ በየ8 ሴይሉ 1 ዙር እና 512 ኤስዩ ይጨምራል፣ በ128 ሴይል 16 ዙር እና 8192 ኤስዩ ላይ ይቆማል። 16 ሴይል ያለው ትንሽ ዊንድሚል እንኳ 1024 ኤስዩ ነው፣ የአራት ዋተር ዊል ያህል። ፍጥነቱ ግን 2 ዙር ብቻ ስለሆነ 32 ለመድረስ አራት ጊዜ ማጠፍ አለባችሁ። ከፍታም የአየር ሁኔታም ለውጥ አያመጡም፣ ተራራ ላይ መውጣት አያስፈልግም። ሠርታችሁ ስትጨርሱ ቤሪንጉን በባዶ እጅ ቀኝ ክሊክ ካላደረጋችሁት አይነሳም።

ክሪኤት ብቻውን ኤሌክትሪክ የለውም። ሽቦና ጄኔሬተር ከፈለጋችሁ ቀጥሎ የሚስማማው ኢመርሲቭ ኢንጂነሪንግ ነው፤ አጀማመሩም በ27 ኮክ ብሪክ 3 በ3 በ3 ተደርጎ በሚቆም የኮክ ምድጃ ነው፣ የፊቱን መሃል ብሎክ በኢንጂነርስ ሃመር ስትነኩት አንድ ማሽን ይሆናል። ሁለቱን ሞድ በአንድ ቀን አትጫኑ፤ መጀመሪያ ዓለማችሁን ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሞድ ስታወጡ የሞዱ ብሎኮች በሙሉ አብረው ይጠፋሉና። ሽቦውንም ከራስ በላይ አሳልፉት፤ ያልተሸፈነ ሽቦ ኃይል እየሄደበት ከነካችሁት ይጎዳችኋል።