ቄጠማ የበቀለበት ሎት ላይ ቤት ለመሥራት

ቨርጂኒያ፣ ፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ ውስጥ 3 ኤከር መሬት የገዛነው ኦገስት ላይ ነበር። አገር ቤት ነሐሴ ጭቃ ነው። እዚህ ግን ዛፉ ውሃውን መጦ ይጨርሰውና መሬቱ ድንጋይ ይመስላል። ሻጩ ስለ ውሃ ትንፍሽ አላለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። በቀጥታ አርክቴክት ቀጠርኩ። ቤቱን ከዛፎቹ ኋላ ወሸቅ አድርጌ፣ ረጅም የመኪና መግቢያ አስነድፌ፣ ለፕላኑ ከፈልኩ።

አፕሪል ላይ እናቴ ከአዲስ አበባ መጣች። መሬቱን ላሳያት ወሰድኳት። ትንሽ ሄድ እንዳለች ጎንበስ ብላ «ይሄ ቄጠማ አይደል እንዴ?» አለችኝ። ለቡና ይሆናል ብላ እቅፍ ሙሉ ሰበሰበች። ስትመለስ አንድ ጫማዋን ጭቃው አስቀርቶታል። የመኪናው መግቢያ የሚያልፈው በዚያው ላይ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለአርክቴክት አይውጣ።

ቄጠማ የበቀለበት መሬት ረግረግ ሊሆን ይችላል፤ ረግረግ ደግሞ ያለ ፈቃድ አይሞላም። የፌዴራሉ ሕግ ሁለት ነው። የ1899ኙ ጀልባ የሚሄድበትን ውሃ ይመለከታል፤ እንደ ፖቶማክ ያለውን። እዚያ ውስጥ አንድ ምሰሶ ለመትከል እንኳ ፈቃድ ያስፈልጋል። የ1972ቱ የንጹሕ ውሃ ሕግ ደግሞ ረግረጉንም ይጨምራል፤ ፈረንጆቹ ዌትላንድ የሚሉትን። እዚህ የሚያስጠይቀው አፈር፣ ጠጠር ወይም ኮንክሪት መድፋት ነው። የሁለቱንም ፈቃድ የሚሰጠው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ጓድ ነው። ሰው ሁሉ «ኮር» ይለዋል። አዎ፣ ለመኪና መግቢያ ጦር ሠራዊቱን ትለምናላችሁ። ባለቤቴ ስነግራት የምቀልድ መስሏት ነበር።

ሳይፈቀድ መሙላት ግን ቀልድ አይደለም። ቅጣቱ በቀን ከ60 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የደፋችሁትን አፈር አንስታችሁ ቦታውን እንደነበረ መልሱም ልትባሉ ትችላላችሁ።

አንድ ዘመዴ «ያ ሕግ እኮ ቀርቷል» አለኝ። ግማሽ እውነት አለው። በሜይ 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሳኬት በሚባሉ የአይዳሆ ባልና ሚስት ጉዳይ፣ የፌዴራሉን ሥልጣን ቆርጦታል። ከወንዝና ከሐይቅ ጋር በገጽ ላይ ያለማቋረጥ የተያያዘ ረግረግ ብቻ ነው የቀረለት። ቨርጂኒያ ግን የራሷ ሕግ አላት፤ ለብቻው የተነጠለውንም ረግረግ ትጠብቃለች። «የእኔ ከወንዝ አይገናኝም» ብሎ ቡልዶዘር ማስገባት ከአንዱ አምልጦ ሌላው እጅ መውደቅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከካርታ ነው፤ አንድ ምሽት ይበቃል። የፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት የረግረግ ካርታ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። የአፈር ካርታም አለ። ግን ካርታው ባዶ አሳየ ብላችሁ አትዘናጉ። ዛፍ ሥር ያለ ረግረግ ከሰማይ በተነሳ ፎቶ ላይ ይደበቃል። የእኔ መሬት ካርታው ላይ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ የረግረግ ወሰን የሚለይ ባለሙያ ቅጠሩ። እኔ 2,800 ዶላር ከፈልኩ፤ ከሁሉም ወጪዬ የማይቆጨኝ ይሄ ነው። ባለሙያው የሚሠራው በ1987 በወጣው የኮሩ መመሪያ ነው። ሦስት ምልክት ይፈልጋል፦ ተክል፣ አፈር፣ ውሃ። ተክሉ ያው የእናቴ ቄጠማ ነው። ግንዱን በጣታችሁ ስታሾሩት ሦስት ማዕዘን ከሆነ ከዚያ ዘር ነው። ለአፈሩ እስከ 20 ኢንች ቆፍሮ ጓሉን ከቀለም ደብተር ጋር ያስተያያል። ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ አየር ያገኛል። ግራጫ ሆኖ የዝገት ነጠብጣብ ካለበት ውሃ ተኝቶበት ኖሯል፤ ብረቱ ታጥቦ ሲሄድ ነው የሚነጣው። ውሃው ደግሞ ከላይ መታየት የለበትም። በእኛ አካባቢ፣ ተክል በሚያድግበት ወቅት ለሁለት ሳምንት ያህል ከገጹ በ12 ኢንች ውስጥ ከተገኘ ይበቃል። ኦገስት ላይ ደረቅ መሆኑ ምንም አያድናችሁም።

ባለሙያው በወሰኑ ላይ ቁጥር ያለው ሪባን ያስራል፤ ሰርቬየር (የመሬት ቀያሽ) ይለካዋል፤ ኮሩ ያረጋግጠዋል። ማረጋገጫው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው «ሁሉም በሕጉ ሥር ነው» ብላችሁ ተቀብላችሁ የምትሄዱበት ነው። ሌላው ኮሩ ቁርጡን የሚናገርበትና ለ5 ዓመት የሚጸናው ነው። እኔ ስለቸኮልኩ የመጀመሪያውን ወሰድኩ።

አርክቴክቱ የሚጠራው አሁን ነው። የኮሩ ጥያቄ በቅደም ተከተል ነው፦ መሸሽ ትችላለህ? ካልቻልክ መቀነስ ትችላለህ? የቀረውን ደግሞ በምን ታካክሳለህ? እኔ ቤቱን ወደ መንገዱ አመጣሁት። መግቢያውን 12 ጫማ ስፋት አድርጌ ረግረጉ በጣም በጠበበበት አሻገርኩት። የሚሞላው ረግረግ ከ0.19 ኤከር ወደ 0.04 ወረደ። ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሆነው ቀለል ያለው አገር አቀፍ ፈቃድ፣ ቁጥር 29፣ ጣሪያው ግማሽ ኤከር ነው። ከአንድ አሥረኛ ኤከር በላይ ካጠፋችሁ ደግሞ ማካካሻ ይመጣል። በቨርጂኒያ ለዛፋማ ረግረግ የተለመደው ሁለት ለአንድ ነው፤ ለጠፋው አንድ ኤከር የሁለት ኤከር ማካካሻ። ማካካሻው፣ ክሬዲት የሚሉት፣ የሚገዛው ረግረግ መልሰው ከሚያለሙና «ባንክ» ከሚባሉ ድርጅቶች ነው። ኪስ ያራቁታል።

ማመልከቻው አንድ የጋራ ቅጽ ነው። የቨርጂኒያ የባሕር ሀብት ኮሚሽን ተቀብሎ ለኮሩ፣ ለግዛቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤትና ለሚመለከታቸው ያከፋፍላል። ከላይ የታየ ንድፍ፣ ከጎን የተቆረጠ ንድፍ፣ ሌላ አማራጭ ለምን እንዳልተቻለ፣ የጎረቤቶች አድራሻ አስገቡ። ኮሩ ለዚህ ቀላል ፈቃድ 45 ቀን አለው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን ማመልከቻው ከተሟላ በኋላ ነው። የእኔ ተመልሶብኛል፤ የውሃ መተላለፊያ ቱቦው ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቀበር ንድፉ ላይ አልነበረም። 45 ቀን ካለፈና መልስ ከሌለ መጀመር ይቻላል፤ ከጥበቃ ሥር ያለ እንስሳ ወይም ታሪካዊ ቅርስ ጥያቄ ካለ ግን አይቻልም። እኛ አካባቢ የአሜሪካ የርስ በርስ ጦርነት አሻራ ብዙ ስለሆነ ይህ ተራ ጉዳይ አይደለም።

ከግማሽ ኤከር ካለፋችሁ ሙሉው ፈቃድ ነው። ለሕዝብ ማስታወቂያ ከ15 እስከ 30 ቀን ይወጣል። ክፍያው ለንግድ ላልሆነ ሥራ 10 ዶላር ብቻ ነው፤ የሚያስከፍለው ባለሙያውና ጊዜው ነው።

ካውንቲውን አትርሱ። በ1988 በወጣው የቨርጂኒያ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ጥበቃ ሕግ መሠረት፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚፈስ ወንዝና ከእሱ ጋር ከተያያዘ ረግረግ ዳር 100 ጫማ ይከለላል። የኮር ፈቃድ የግንባታ ፈቃድ አይደለም።

ለእኔ ሁሉም 7 ወር ፈጀ። ሥራው ሲያልቅ በፈቃዱ መሠረት ሠርቻለሁ የሚል ቅጽ ፈርሞ ለኮር መላክ ግዴታ ነው፤ ልኬያለሁ። ለቡና ቄጠማ በእጅ ማጨድ ፈቃድ ይጠይቃል ወይ ብዬም ጠይቄ ነበር። ሥሩን እስካልነቀላችሁ ችግር የለውም አሉኝ።