ጠላት ሲሞት፦ ክርስቲያን ከመርዶው እስከ አርባው ምን ያድርግ?

የበደለን ሰው ሞተ ሲባል ከአፍ የሚያመልጠው የመጀመሪያው ቃል ብዙ ጊዜ ጸሎት አይደለም። «እሰይ»፣ «የእጁን አገኘ»፣ «ግፌ ያዘው»፣ «አንጀቴ ቅቤ ጠጣ» እንላለን፤ ሃይማኖተኛ የሆንነው ደግሞ ደስታችንን ጨዋ ልብስ አልብሰን «እግዚአብሔር ፈረደልኝ» እንላለን። ይህ መመሪያ እንዲህ ያለ መርዶ ለደረሰው ክርስቲያን የተጻፈ ሲሆን፣ ከመርዶው ሰዓት አንሥቶ እስከ አርባው ቀንና ከዚያም በኋላ ምን ማድረግ እንደሚገባው ያሳያል። ጠላት ሲባል በወሰን ከተካሰሰ ጎረቤትና በሐሰት ከመሰከረ ባልደረባ ጀምሮ ወንድም እስከ ገደለ ሰውና አገር እስከ ወረረ የጦር አለቃ ድረስ ያለውን ሁሉ ይጨምራል፤ በደሉ እንደሚለያይ ሁሉ ከተበዳዩ የሚጠበቀውም ይለያያል።

መርዶው በደረሰ ሰዓት

በመጀመሪያ አፍዎን ይያዙ። ጠቢቡ «ጠላትህ ቢወድቅ ደስ አይበልህ» ያለው (ምሳ. 24፥17) ጠላቱ ጠላት አይደለም ብሎ አይደለም፤ ቀጥሎ ባለው ቁጥር እንደሚያስረዳው፣ እግዚአብሔር የእርስዎን ደስታ አይቶ እንዳይከፋና ቍጣውን ከዚያ ሰው እንዳይመልስ ነው። ኢዮብም ንጽሕናውን ሲቈጥር ሴት አለመመኘቱንና ድሀ አለመበደሉን ብቻ አልጠቀሰም፤ በሚጠላው ሰው ጥፋት ደስ ብሎት እንዳላወቀ፣ አንደበቱንም ለእርግማን እንዳልሰጠ ተናገረ (ኢዮ. 31፥29–30)።

ዛሬ አንደበት ማለት ስልክም ጭምር ነው። ዜናው በቴሌግራም እንደደረሰዎት ለሌላ ከማስተላለፍ፣ በፌስቡክ የሟቹን ፎቶግራፍ ለጥፎ ከመሣለቅ፣ «ሰማህ ወይ?» ብሎ ከመደወል ቢያንስ እስከ ማታ ይታቀቡ። የሟቹ ልጅ አባቷ ማረፉን ገና ሳይነገራት ከእርስዎ ጽሑፍ ልታነብበው ትችላለች። ዳዊት የሳኦልን ሞት በጺቅላግ ሲሰማ ልብሱን ቀደደ፣ አለቀሰ፣ እስከ ማታም ጾመ (2ኛ ሳሙ. 1፥11–12)፤ ይህን ያደረገው በዋሻና በበረሃ ሊገድለው ሲያሳድደው ለኖረ ሰው ነው። ማልቀስ ካልቻሉ አይገደዱ፣ የአዞ እንባ የሚፈልግብዎት የለም፤ ነገር ግን እስከ ማታ መጾምና ዝም ማለት ልቡ ላልተሰበረም ሰው ይቻላል።

እፎይታንና ደስታን መለየት

ብዙ ምእመናንን የሚያስጨንቃቸው ከዚህ የሚቀጥለው ነው። ለዓመታት ስትደበደብ የኖረች ሴት ባሏ በሞተ ማግሥት ያለ ፍርሃት ስትተኛ ኃጢአት ሠራሁ ብላ ልትጨነቅ አይገባም፤ ከመከራ መገላገል በራሱ ኃጢአት አይደለም። እስራኤል በቀይ ባሕር ዳር የዘመሩት የተሳዳጅ መዝሙር ነበር። «በኅጥኣን ጥፋት ከተማ እልል ትላለች» የሚለውም ቃል (ምሳ. 11፥10) አስጨናቂው የተነሣላትን ከተማ ይገልጻል እንጂ በሬሳ ላይ መጨፈርን አያዝዝም። ያው እግዚአብሔር በነቢዩ ሕዝቅኤል አፍ ኃጢአተኛው ከመንገዱ ተመልሶ በሕይወት እንዲኖር እንጂ እንዲሞት እንደማይወድ ተናግሯል (ሕዝ. 33፥11)።

ታዲያ በውስጥዎ ያለው የትኛው እንደ ሆነ እንዴት ያውቃሉ? ራስዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ ይህ ሰው ባይሞትና በእውነት ንስሐ ገብቶ፣ የወሰደውን መልሶ፣ ከእኔም ርቆ ቢኖር ኖሮ ልቤ በዚያው ልክ ያርፍ ነበርን? መልስዎ «አዎን» ከሆነ ያረፉት ከበደሉ ነው። «የለም፣ መሞቱን ነው የፈለግሁት» ካሉ ግን በልብዎ ያለው ጥላቻ ነውና ለንስሐ ይዘጋጁ።

ሐቁን ለመናገር፣ የዳዊት ታሪክ ራሱ አንድ ወጥ አይደለም። ዳዊትን የሰደበው ባለጠጋ ናባል ሲሞት ዳዊት እግዚአብሔርን ባርኳል (1ኛ ሳሙ. 25፥39)። ሆኖም ያመሰገነበትን ምክንያት ልብ ይበሉ፤ እግዚአብሔር ስድቡን እንደ ተፋረደለት ከመናገሩ ጋር እርሱን ከክፋት ስለ ጠበቀው ያመሰግናል። ሰይፉን ታጥቆ የናባልን ቤት ሊያጠፋ ሲወርድ የናባል ሚስት አቢግያ በመንገድ ባታስቆመው ኖሮ በእጁ ደም ይኖር ነበር። ስለ ጠላትዎ ሞት አምላክዎን ማመስገን ካማረዎት «በእጄ ስላላደረግኸው ተመስገን» ማለቱ ከሁሉ የቀና ምስጋና ነው።

በጸሎት ምን እንደሚባል

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላልና ቂሙን ደብቀው አይጸልዩ። የዳዊት መዝሙር 109 (በአብያተ ክርስቲያናችን የዳዊት ቍጥር 108) በጠላት ላይ የተነገረ እጅግ ከባድ ልመና ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ መገኘቱ ለተበዳይ ትልቅ ጸጋ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ቍጣን ወደ ሬሳው ወይም ወደ ልጆቹ ሳይሆን ወደ እግዚአብሔር ፊት የሚወስድ መንገድ ይሰጣል። ስለዚህ በቤትዎ በሩን ዘግተው የተደረገብዎትን በስሙ እየጠሩ ይናገሩ፦ «ጌታ ሆይ፣ ይህ ሰው በሐሰት መስክሮብኝ ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ፤ እናቴም እኔን ሳታይ ሞታለች። አንተ ታውቃለህ። ፍርዱን ለአንተ ትቻለሁ፤ ከእንግዲህ በእርሱ ላይ የምጠይቀው ዕዳ የለኝም።» የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር በመጀመሪያው ቀን ከአፍዎ ላይወጣ ይችላል፤ ባልወጣበት ቀን እንደ ወጣ አድርገው አይናገሩት፣ ነገር ግን በማግሥቱ እንደገና ይሞክሩት።

አንዳንዶች «ሞቷልና ይቅር ልለው አልችልም» ይላሉ። ዕርቅ ሁለት ሰዎችን ይፈልጋል፣ በዚህ ዓለምም አልፏል፤ ይቅርታ ግን ባለዕዳው ባይኖርም አበዳሪው ብቻውን የሚተወው ነው። እስጢፋኖስ «ጌታ ሆይ፣ ይህን ኃጢአት አትቍጠርባቸው» ሲል ከወጋሪዎቹ አንድም ይቅርታ የጠየቀ አልነበረም (ሐዋ. 7፥60)።

ስለ ሟቹ ነፍስ መጸለይን በተመለከተ አብያተ ክርስቲያናት ይለያያሉ። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን በጸሎተ ፍትሐቱ ላይ ቆሞ «ነፍስ ይማር» ሊል ይችላል፣ ይገባዋልም፤ ከብዶት ከሆነ ለንስሐ አባቱ ይንገርና የሚያዙትን ስግደት ወይም ጸሎት ይፈጽም። የወንጌላውያን አማኝ ስለ ሙታን አይጸልይምና ጸሎቱን ወደ ቤተሰቡ ያዙር፤ ለመበለቲቱና ለልጆቹ መጽናናትን መለመን ከትምህርቱ ጋር አይጋጭም።

ለቅሶ መድረስ ወይስ መቅረት?

ከሁሉ የሚከብደው ውሳኔ ይህ ነው። «ከሚያለቅሱ ጋር አልቅሱ» የሚለው ትእዛዝ (ሮሜ 12፥15) ስለ ወዳጆች ብቻ የተነገረ አይደለም፤ በዚያው ምዕራፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ የተራበን ጠላት ስለ ማብላት ይናገራል። ነገር ግን ለቅሶ የሚደረሰው ለቤተሰቡ እንጂ ለራስ ስም አይደለምና፣ በድንኳኑ ውስጥ መገኘትዎ ሐዘናቸውን የሚያከብድ ወይም ጠብ የሚያስነሣ ከሆነ መቅረትዎ ይሻላል። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ሁለቱም ወገን የሚያከብሩትን አንድ ሽማግሌ አስቀድሞ ልኮ መጠየቅ ነው፦ «ብመጣ ቅር ይላችኋል ወይ?» «ይምጣ» ከተባሉ አርፍደው ሳይሆን ሰው በበዛበት ሰዓት ይሂዱ፤ ከሐዘንተኞቹ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ይቀመጡ፤ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለው ጥቂት ቆይተው ይነሡ። የአሟሟቱን ሁኔታ አይጠይቁ፣ የቀድሞውን ጠብ አያንሡ፣ ይቅር ማለትዎንም በዚያ አያውጁ፤ በለቅሶ ቤት የሚነገር «ይቅር ብዬዋለሁ» የሚለው ቃል ሟቹን በዳይ፣ ተናጋሪውን ጻድቅ አድርጎ በሐዘንተኞች ፊት ያቆማል።

በአንድ ዕድር ከታቀፉ ግን ጥያቄው ያጥራል። ድንኳን መትከል፣ ቀብር መውጣትና የተጣለውን መዋጮ መክፈል በጠብ ምክንያት የሚቀር ግዴታ አይደለም፤ እንዲያውም ተኳርፈው የኖሩ ሰዎች የድንኳኑን ምሰሶ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲያቆሙት ማየት በሰፈራችን እንግዳ ነገር አይደለም። በውጭ አገር ያሉና መሄድ የማይችሉ ለቤተሰቡ አጭር ስልክ ቢደውሉ ይበቃል።

ሟቹ የደፈራት፣ የደበደባት ወይም ልጇን የገደለባት ሴት ወደዚያ ድንኳን እንድትሄድ ማንም፣ ቄስም ይሁን ፓስተር፣ ሊያስገድዳት አይገባም። ይቅርታዋን በሰው ፊት እንድታስመሰክር መጠየቅ በበደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ስለ ሟቹ ሲጠየቁ

ዳዊት ለሳኦል ባወጣው ሙሾ ውስጥ ኃያልነቱን፣ የእስራኤልን ሴቶች ልጆች ቀይ ሐር ማልበሱን ጠቀሰ፤ ሁለቱም እውነት ነበሩ። ጻድቅ ነበረ ወይም ወደደኝ አላለም። ይህን ይከተሉ፦ እውነተኛ በጎ ነገር ካለ ይናገሩ፣ ከሌለ ዝም ይበሉ፣ ያልነበረውን ግን አይፍጠሩ።

ዝምታው እስከ ምን ድረስ ነው? «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ መጀመር የግል ቅሬታን ለመግታት መልካም ልማድ ነው፤ የሕዝብ በደልን ለመሸፈን ግን አያገለግልም። ሮዶልፎ ግራዚያኒ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተጀመረው ጭፍጨፋና በዚያው ዓመት በግንቦት ለተገደሉት የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በየትኛውም ፍርድ ቤት ሳይጠየቅ በጥር 1947 ዓ.ም. በአገሩ ሞተ። የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ቀደም ሲል 19 ዓመት ፈርዶበት የነበረው ከናዚ ጀርመን ጋር ስለ ተባበረ ነበር፤ ከዚያም በጥቂት ወራት ተለቀቀ። አንድ ክርስቲያን በዚህ ሰው ሞት አለመደሰቱ በየዓመቱ በስድስት ኪሎው ሐውልት ሥር ቆሞ ሰማዕታቱን ከማሰብ አያግደውም፤ «በቀል የእኔ ነው» ያለውን አምላክ ማመን ምስክርነትን መተው አይደለም። ኦሳማ ቢን ላደን በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. ሲገደል በዋይት ሀውስ ፊት ሕዝብ ሲጨፍር፣ የቫቲካን ቃል አቀባይ የነበሩት አባ ፌዴሪኮ ሎምባርዲ ሰውዬው ስለ ብዙ ንጹሐን ሞት ተጠያቂ መሆኑን በግልጽ ከተናገሩ በኋላ ክርስቲያን በሰው ሞት ፈጽሞ እንደማይደሰት አስታወቁ። ሁለቱን በአንድ መግለጫ ውስጥ አብሮ ማስቀመጥ ይቻላል ማለት ነው።

ልጆቹና ያላለቀው ጉዳይ

ሰው ሲሞት ጠቡ ወደ ልጆቹ እንዳይወርድ ማድረግ ከሁሉ ረጅሙ ሥራ ነው፤ ደም መመለስ ባለበት አካባቢ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ዳዊት መንግሥቱ ከጸና በኋላ «ከሳኦል ቤት የቀረ ሰው አለ ወይ?» ብሎ አስፈልጎ፣ ሁለት እግሩ ሽባ የሆነውን ሜምፊቦስቴን አገኘ፤ የአያቱንም እርሻ መለሰለት፣ በማዕዱም አስቀመጠው። የጠላትዎን ልጅ በማዕድዎ ማስቀመጥ ባይችሉ እንኳ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያገኙት ቀድመው ሰላም ይበሉት፤ በልጆችዎም ፊት «የዚያ ሰው ዘር» አይበሉት።

በክርክር ላይ የነበረ ንብረት ካለ፣ የወንጀል ክስ በተከሳሹ ሞት ቢቋረጥም የፍትሐ ብሔር ጥያቄ በውርስ ሀብቱ ላይ ሊቀጥል ይችላልና መብትዎን መተው አይጠበቅብዎትም። የይርጋ ጊዜው የሚያልፍ ካልሆነ ግን አርባው ሳይወጣ ለወራሾቹ መጥሪያ አያድርሱ። ለተዝካር ከጠሩዎት ሄደው ጠበሉን ይቅመሱ፤ የወሰኑን ነገር ከዚያ በኋላ በሽማግሌ በኩል ያንሡት፣ ካልሆነም ወደ ፍርድ ቤት ይሂዱ። በሽምግልናው ላይ ሲቀመጡ ሟቹ በሕይወት ሳለ የተናገረዎትን ስድብ አይጥቀሱ፤ የሚያከራክረው የመሬቱ ልክ ብቻ ይሁን።